ልጆቹ የገቡት በሌላ ውል ነው

ጥያቄው፦ «በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቡድን መሪ ነኝ። ዕድሜዬ 51 ነው። በሥሬ 9 ሠራተኞች አሉ። ሦስቱ ጡረታቸው የተቃረበ ነው። አራቱ ደግሞ ገና 30 ያልሞላቸው የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው። ወጣቶቹ 11:30 ሲል ቦርሳቸውን ያነሣሉ። አበል የሌለው የመስክ ሥራ ሲመጣ አንዱን ራሱን ያመዋል፣ ሌላው ለቅሶ አለብኝ ይላል። ትልልቆቹ በሰዓቱ ይገባሉ፣ አዲስ ነገር ግን አይነኩም። እኛ በ1990ዎቹ ስንቀጠር ምን ይከፈለናል ሳንል ቀበሌ ለቀበሌ በእግራችን ዞረናል። የተበላሸው ትውልዱ ነው? ሌላም አለኝ። አንዱ ጎበዝ ልጅ ለሌላ መሥሪያ ቤት ቅጥር ልፈተን ባሕር ዳር ልሂድ ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ። ከለከልሁት። ልክ ነኝ?»

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ከደጀን እስከ ቡሬ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም የወረዳ ሠራተኞችን ሳሠለጥን ኖሬያለሁ። ይህ ጥያቄ ያልተነሣበት አዳራሽ ትዝ አይለኝም። ሁልጊዜ የሚነሣው ግን ሻይ ሰዓት ላይ ነው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። እርስዎ ፊት ለፊት ስለጠየቁ እኔም ፊት ለፊት ልመልስ። ትውልዱ አልተበላሸም። የተለወጠው ውሉ ነው። ልጆቹ ወደ መንግሥት ሥራ የገቡበት ውል እርስዎ ከገቡበት ጋር አይገናኝም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። ማሳ ላይ ያለ ጤፍ አጥሮ ያገኘ ገበሬ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መቼ ተዘራ? ዝናሙ እንዴት ነበር? ዘሩስ የቱ ነው? ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ ያጥራል። ዝናም የቀረበትም ያጥራል። ዘሩ አጭር ከሆነም ያጥራል። ሦስቱን ሳይለይ ዘሩን የሚራገም ገበሬ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ነው የሚያጭደው።

ሠራተኛም እንዲሁ ነው። የ26 ዓመት ልጅ ከ58 ዓመት ሰው የሚለየው አንድም በዕድሜው ነው። ትዳር ያልያዘ፣ ቤት ያልቀለሰ ሰው የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። እርስዎም በ26 ዓመትዎ የሚያስጨንቅዎት ዛሬ ከሚያስጨንቅዎት ጋር አንድ አልነበረም። ሁለትም በዘመኑ ነው። የዛሬው ኑሮ ውድነት ሽማግሌውንም ወጣቱንም መትቷል። ሦስትም ባደገበት ነገር ነው። ትውልድ ማለት በትክክል ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው። እኛ ግን ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ከተን «ትውልዱ» እንላለን።

በውጭም ይህን ለመለየት ብዙ ተደክሟል። በፈረንጆች 2012 ተመራማሪው ዴቪድ ኮስታንዛና ባልደረቦቹ 20 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። በሥራ እርካታ፣ ለመሥሪያ ቤት ባለ ታማኝነትና በመልቀቅ ሐሳብ ላይ በትውልዶች መካከል ያገኙት ልዩነት ትንሽ ነው። ብዙው ከዜሮ የሚርቅ አይደለም። በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎችም ሠራተኛን በትውልድ ስም ከፋፍሎ ማስተዳደር ማስረጃ የሚደግፈው ነገር አይደለም ብለዋል። «ሚሌኒያል»፣ «ጄን ዚ» የሚሉት ስሞች ደግሞ ከአሜሪካ ታሪክ የተቀዱ ናቸው፤ ለሉማሜና ለብቸና ሠራተኛ ብዙም አይናገሩም። እኔ ለእኛ የሚሠራው ጥያቄ «መቼ ተቀጠረ?» የሚለው ነው እላለሁ።

እስቲ ትልልቆቹ የተቀጠሩበትን ጊዜ ያስቡት። ዛሬ 58 ዓመት የሞላው ሰው በደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው የገባው። ያኔ ዲግሪ ይዞ የወጣ ልጅ ሥራ ፍለጋ አይዞርም፤ መንግሥት ይመድበዋል። መነሻው 500 ብር ነበር፣ ያውም ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም በሚመነዘርበት ዘመን። 12ኛ ጨርሶ መዝገብ ቤት የገባውም ቢሆን በወር በወር የማይቀር ደመወዝ ነበረው። ባለሱቁ በዱቤ ይሰጠዋል። ሠርግ ላይ ከፊት ይቀመጣል። ሽማግሌ ሲላክለት «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። ደመወዙ ብቻ አልነበረም ያሠራው፤ ክብሩም ነበር።

እርስዎ ሲገቡ ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። ከ1994 ጀምሮ ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ መደብ በየጽሕፈት ቤቱ በዛ። ዲፕሎማ ይዞ የገባ ሰው ብዙ ሳይቆይ ቡድን መሪ ይሆን ነበር። በክረምት፣ በማታ፣ በርቀት ተምሮ ዲግሪውን ይይዛል፣ ደረጃውም ያድጋል። ብዙዎቻችሁ በማኅበር ተደራጅታችሁ የቤት መሥሪያ ቦታ ደርሷችኋል። ቀበሌ ለቀበሌ በእግራችሁ ስትዞሩ አበል አልነበረም። እውነት ነው። ግን ከፊታችሁ የሚታይ ነገር ነበር። ይህን የምለው ድካማችሁን ለማሳነስ አይደለም። የአገሩ መሬት ተለክቶ ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር የያዘው በእናንተ እግር ነው፤ ይህን መቼም አልረሳውም።

ወንፈል ያውቁ የለ? ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ነው። ዛሬ የጎረቤቴን ማሳ ሳጭድ ነገ ወደ እኔ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወገቤ ቢቆረጥም አልቆጥረውም። ወንፈል የሚሠራው ግን ወረፋዬ ይደርሳል ብሎ ለሚያምን ሰው ነው። የእናንተ ትጋት ወንፈል ነበር። ልጆቹ የጎደላቸው ጉልበት አይደለም፤ ወረፋው መድረሱን የሚያምኑበት ምክንያት ነው።

ምክንያቱን አብረን እንይ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ሲከፈት ዲግሪ ደጃችን መጣ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ዲግሪ ሲበዛ ዲግሪ ብቻውን በር መክፈቱ ቀረ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨመረ። ከዚያ የቅጥር ፈተና አለ፤ ለአንድ መደብ የሚሰለፈውን ሰው ብዛት እርስዎም በዓይንዎ አይተውታል። ይህን ሁሉ አልፎ የገባ ልጅ ከላዩ ያሉት መደቦች በሙሉ ተይዘው ያገኛቸዋል። የያዟቸው ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ ጡረታችሁም ገና ነው። የእሱ ወረፋ መቼ ነው?

ደመወዙም ቢሆን። በመስከረም 2018 በወጣው ማስተካከያ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ሆኗል። ቀላል ጭማሪ አይደለም። ሆኖም ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዘይቱ፣ ልብሱ፣ የቤት ኪራዩ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። ቤት ያለው ሰውና ኪራይ የሚከፍል ሰው እኩል 11,500 ብር ቢያገኙ እኩል አላገኙም። የአንዱ ይተርፋል፣ የሌላው ከእጅ ወደ አፍ ነው። በዚህ ላይ ከዚያች 11,500 ብር 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር፣ ለጡረታ ይቆረጣል። መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርለታል። ግን የ26 ዓመት ልጅ 60 ዓመት እስኪሞላው 34 ዓመት አለው። ለእሱ ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ስለ መስኩ ሥራ የጻፉት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በጎጃም ገጠር መንገድ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። መንገድ ይዘጋል። ስልክ ይጠፋል። ቦርሳ አንግቶ ቀበሌ የሚገባ ባለሙያ ማን እንደላከው የሚጠይቀው ሰው ብዙ ነው። እና «ራሱን አመመው» ያሉት ልጅ ፈርቶ ቢሆንስ? በእኛ አገር ወንድ ልጅ ፈራሁ አይልም። ፈራሁ ከሚል ራሴን አመመኝ ማለት ይቀለዋል። ይህን ለብቻው ጠርተው፣ በር ዘግተው ካልጠየቁት መቼም አይነግርዎትም። እኔ ይህን ከስንፍና ጋር ደባልቀው ነጥብ የቀነሱ አለቆች አይቻለሁ። ልጆቹ ያን አይረሱም። እውነት ለመናገር መርሳትም የለባቸውም።

ወደ ትልልቆቹ ልመለስ። አዲስ ነገር አይነኩም አሉ። ሁለት ምክንያት አለ፤ ሁለቱም ለእኔ ይገቡኛል።

የመጀመሪያው ያዩት ነገር ብዛት ነው። የሥራ ሂደትን ከሥሩ እንለውጥ የሚለው ቢፒአር መጣ። ሥልጠና ተሰጠ፣ ጥራዝ ተባዛ፣ ሠራተኛን እንደ አዲስ በመደብ የማስቀመጥ ድልድል ተሠራ። «ድልድል» የምትለዋ ቃል ዛሬም የብዙ ሠራተኛ ሆድ ታላውሳለች። የውጤት ምዘናው ቢኤስሲ ተከተለ፣ የጃፓኑ የአሠራር ማሻሻያ ካይዘን መጣ፣ ሠራተኛን በቡድን የሚያደራጁት የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት መጡ። ቀጥሎ የሥራ ምዘናና ደረጃ መጣና ሁሉም ሰው እንደገና ደረጃ ወጣለት። አንዳንዱ ጠቅሟል፤ ካይዘን የገባበት መዝገብ ቤት ማኅደር ፈልጎ ማግኘት ቀሏል። ግን እያንዳንዱ ሲመጣ «ይህ የመጨረሻው ነው» እየተባለ ነው። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው አዲሱን ሶፍትዌር ሲያይ «እሱም ያልፋል» ቢል አይፈረድበትም።

ሁለተኛው የጡረታ ስሌቱ ነው። ይህን ብዙ አለቃ አያስበውም። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከዚያ አማካይ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 36 ዓመት ያገለገለ ሰው 62.5 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። እንግዲህ ከ57 እስከ 60 ያለውን ሰው ያስቡት። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሚያገኛት አንዲት እርከን ዕድሜ ልኩን ትከተለዋለች። በማያውቀው ሲስተም ተሳስቶ በዲሲፕሊን ከደረጃው ዝቅ ቢልስ? እሱም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር አይነካም። በሚያውቀው ወረቀት ተጠንቅቆ ይሠራል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ የማደርግ ይመስለኛል።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። በአንድ ወረዳ፣ ስሙ ይቆየን፣ ለሥልጠና ሄጄ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከጮቄ ተራራ ወገብ ካለ ቀበሌ የመጡ አንዲት እናት ገቡ። ባላቸው ሞተው መሬቱን በስማቸው ለማዞር ሦስተኛ መምጣታቸው ነው። ደብተሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ወጣት ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ሳብ አድርጎ «እማማ፣ በሲስተሙ ላይ የለም» አላቸው። ሌላ አላለም። ዝም ብለው ቆሙ።

ጥግ ላይ ያሉት ትልቁ ሰውዬ ተነሡ። የቀበሌውን ስም ብቻ ነው የጠየቁት። ከመደርደሪያው በክር የታሰረ ማኅደር አወጡ፣ አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉ፣ ገለጡት። አዋሳኙን ጮክ ብለው አነበቡ፤ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ የእገሌ መሬት፣ በሰሜን መንገድ። ወጣቱ ማዳመጫውን አወለቀ። «ወንዝ ነው ያሉት? እኔ ጋ እኮ በምሥራቅ የግጦሽ መሬት ነው የሚለው» አለ። ወንበሩን ሳበላቸው። አንድ ስክሪን ላይ ሁለቱም አጎነበሱ። ሽማግሌው ወንዙ በየትኛው ክረምት አቅጣጫ እንደቀየረ ያውቃሉ። ልጁ ደግሞ ካርታውን በጣቱ ያስጠጋል፣ ያርቃል። የሴትዮዋ መሬት በጎረቤት ስም ተሳስቶ ገብቶ ኖሯል። እርማቱን ሞልተው፣ ፊርማ አስፈርመው ሲጨርሱ እናትየው ልጁን «እደግ፣ ተመንደግ፣ የእናትህን ደስታ ያሳይህ» ብለው መረቁት። የሽማግሌውን ደግሞ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ሽማግሌው በግድ ያዟቸው።

ሰዓቴን ሳይ 12:10 ሆኗል። ልጁ ቦርሳውን አላነሣም ነበር። ስንወጣ «ከተቀጠርሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የምሞላው ቅጽ የት እንደሚደርስ ዛሬ ገና አየሁት» አለኝ።

በመንግሥት አስተዳደር ጥናት ውስጥ ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔሪና ሎይስ ዋይዝ በፈረንጆች 1990 ያነሡት አንድ ሐሳብ አለ። የመንግሥት ሠራተኛን ከደመወዝ ሌላ የሚያነሣሣው ነገር አለ ይላሉ፤ ለሰው የመድረስ ፍላጎት፣ ለጋራ ጉዳይ መቆርቆር። እኔ ይህ ፍላጎት በወጣቶቹ ውስጥም እንዳለ አልጠራጠርም። ግን ባለጉዳዩን ካላየ አይነቃም። ተመራማሪው አዳም ግራንት በፈረንጆች 2007 ያሳተመው ሙከራ አለ። ለተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞችን በዚያ ገንዘብ ከሚማር አንድ ልጅ ጋር ለጥቂት ደቂቃ አስቀመጣቸው። ከወር በኋላ የሚያሰባስቡት ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደመወዛቸው አልተነካም። የእርስዎ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ስክሪንና የእቅድ ቅጽ ከሆነ፣ 11:30 ላይ ቢወጡ ምን ይገርማል?

ስለ 11:30 ደግሞ እንተማመን። ሰዓቱ ሲሞላ መውጣት ጥፋት አይደለም። እኛን ከቀደሙት ሰዎች ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የሚጠፋም ነበር፤ ኮቱ እስከ ማታ ይሠራል ይባል ነበር። ልጁ ከ2:30 እስከ 11:30 ምን ሠራ ብለው ይጠይቁ። ስልኩ ላይ ተጥዶ ከዋለ እሱን ይናገሩት። ከሠራ ግን በሰላም ይሂድ።

የማደርገው ምንድን ነው ካሉኝ፣ በእጅዎ ያለው ነገር ከሚያስቡት ይበልጣል። ደመወዝ መጨመር አይችሉም፤ ማንም እንዲጨምሩ አይጠብቅም። የመስክ ተራን ግን መጻፍ ይችላሉ። ማን መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛው በአበል፣ የትኛው ያለ አበል እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። የእርስዎም ስም ይኑርበት። አበል ያለው ሁልጊዜ ለአንድ ሰው፣ የሌለው ሁልጊዜ ለልጆቹ ከሆነ ራስ ምታቱ አይቆምም። መንገዱ የሚያሰጋ ሲሆን ደግሞ ማንንም አይላኩ። ቃልዎን ይስጧቸው፣ ያክብሩትም።

አንዱን ትልቅ ሰው ከአንዱ ወጣት ጋር ያጣምሩ። ዝም ብሎ በቃል አይሁን። ትልቁ ሰው አስተማሪ መሆናቸው በደብዳቤ ይጻፍ፣ በአፈጻጸም ምዘናቸውም ይያዝ። ሲስተሙን የሚነካው ልጁ ይሁን፤ ስህተት ቢመጣ ጡረታቸው ላይ እንደማይወድቅ ያውቁ። ሦስቱም በቅርብ ይወጣሉ። የወንዙን ነገር የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ ከየት ይመጣል?

ምዘናውን ደግሞ እባክዎ በእውነት ይሙሉት። በየስድስት ወሩ ለሁሉም ተመሳሳይ ነጥብ መስጠት ሰላም ያመጣ ይመስላል። የሚጎዳው ግን የሠራው ነው፤ ያልሠራው ምንም አልጎደለበትም። ዝውውርም እንዲሁ። በፓኪስታን ፑንጃብ የግብር ሠራተኞች በሥራቸው ውጤት ተራ የሚፈልጉትን ቦታ እንዲመርጡ ሲደረግ የገቢው ዕድገት በ30 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍ ብሏል። ብር አልተጨመረም። ዝውውር እርስዎ ብቻዎን የሚወስኑት ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። ማን ጠንክሮ እንደሠራ ያ ደብዳቤ ይናገር።

የመጨረሻው ጥያቄዎ። ልጁን መከልከልዎ ልክ አልነበረም። ልብዎን እረዳዋለሁ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ማጣት ያማል። ግን ማደግ የሚፈልግ ሰው ሕዝብ ማገልገል አይፈልግም የሚለው ሐሳብ በሙከራ ሲታይ አልቆመም። በዛምቢያ በፈረንጆች 2010 የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሲቀጠሩ በአንዳንድ አካባቢ ማስታወቂያው «ማኅበረሰብዎን ያገልግሉ» አለ፤ በሌላው ደግሞ «በሙያዎ ይደጉ» አለ። የሙያ ዕድገቱን ብለው የመጡት 29 በመቶ የበለጠ የቤት ለቤት ጉብኝት አደረጉ። ለሕዝቡ ያላቸው አሳቢነትም ከሌሎቹ አላነሰም። የእርስዎ ልጅ ፈተና ልፈተን ያለው ከሥራ ሸሽቶ ላይሆን ይችላል። ወረፋው እርስዎ ጋ ስላልታየው ነው።

ደግሞ በግልጽ ነው የጠየቀዎት። ሌላው ቢሆን ለቅሶ አለብኝ ብሎ ይሄድ ነበር።

የዓመት ፈቃዱ መብቱ ነውና ይፈርሙለት። ከመሄዱ በፊት በእጁ ያሉትን ማኅደሮች ከትልልቆቹ ከአንዱ ጋር ተቀምጦ ያሳይ፤ የቱ ጋ እንደደረሰ በየማኅደሩ ላይ ይጻፍ። ቢመለስ ከዚያው ይቀጥላል። ባይመለስም ከቀበሌ የመጣው ባለጉዳይ እንደገና «በሲስተሙ ላይ የለም» አይባልም።